ከፑንቲና ወደ ኤሌክትሮኒክ፦ የድሮ መኪና ያላችሁ የጎንደር ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት

ጎንደር ውስጥ ቮልስ፣ ላዳ፣ ፔጆ ወይ የድሮ ኮሮላ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚች ነገር ላይ ይደርሳል። ጠዋት ቁልፍ ይሰጣል፣ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም፣ ኮፈን ይከፈታል ሰው ይሰበሰባል፣ አንዱ ነዳጅ ነው ይላል ሌላው ባትሪ ነው ይላል፣ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መጥተው የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ክዳን አንስተው ፑንቲናዋን፣ ማለት ውስጡ ያለችውን ኮረንቲ የምትቆርጥ የምትቀጥል ትንሽ ብረት፣ ፈግፈግ ሲያደርጓት ትነሳለች። ከዛ በኋላ ነው እንግዲህ "ለምን ወደ ኤሌክትሮኒክ አልቀይራትም" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው። ጥያቄው ስለበዛ እዚ አንድ ላይ ሰብስቤዋለሁ። የኔን አቋም ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ቀይሩ፣ ግን የታመመ ሞተርና የተበጣጠሰ ሽቦ ላይ አትቀይሩ፣ ያወጣችሁትን ፑንቲናም እንዳትጥሉት።

መኪናዬ ፑንቲና ይኑረው አይኑረው በምን አውቃለሁ?

የካንዴላ ካቦዎቹ የሚሰበሰቡበትን የዲስትሪቢዩተር ክዳን ክፈቱት፣ ብዙ ጊዜ በሁለት መቆንጠጫ ነው የሚያዘው ካቻቢቴ ይበቃል። መሃል ላይ ያለችውን የምትዞር ፕላስቲክ (ሮተሯን) ወደላይ ሳቧት። ከስሯ ሁለት ትናንሽ ብረቶች ከንፈር ለከንፈር የሚገናኙ ካያችሁ፣ አጠገቧ ወይ ከውጪ በኩል የጣት ጫፍ የምታክል ቆርቆሮ ባለ አንድ ሽቦ ካለች (ኮንደንሰሯ እሷ ናት) ፑንቲና ነው ያላችሁ። በምትኩ ሁለት ወይ ሦስት ሽቦ የሚወጣው ሴንሰር ካያችሁ ከናንተ በፊት የነበረ ሰው ቀይሮታል ወይ ከፋብሪካ እንዲያ መጥቷል። ኢንጀክሽን የሆነች ዘመናዊ መኪና ይሄ አይመለከታትም። ዲዝልማ ጭራሽ ካንዴላ የለውም፣ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር ያላችሁ መጀመሪያ ቤንዚን መሆኑን አረጋግጡ፣ ቀልዴን አይደለም ጠይቀውኝ ያውቃሉ።

ፑንቲና ለምንድነው ቶሎ ቶሎ የሚያስቸግረው?

ሥራው ከባድ ስለሆነ ነዋ። ባትሪው 12 ቮልት ነው ያለው፣ ካንዴላው ጫፍ ላይ እሳት ለማውጣት ደግሞ ብዙ ሺህ ቮልት ይፈልጋል። ያንን የሚሠራው ኮይሉ ነው (ቦቢና የሚሉትም አሉ)። ፑንቲናው ሲዘጋ ኮይሉ ውስጥ ከ3 እስከ 4 አምፒር የሚሆን ኮረንቲ ይገባል፣ ሲከፈት ኮረንቲው ድንገት ይቋረጥና ኮይሉ በሌላኛው በኩል 15 ወይ 20 ሺህ ቮልት ይተፋል። ኮንደንሰሩ የሚያስፈልገው ፑንቲናው ሲከፈት እዛው ላይ እንዳይንቦገቦግ ነው።

አሁን አስሉት። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ፑንቲናው በሰከንድ 100 ጊዜ ይከፈታል ይዘጋል። ከጎንደር ባህር ዳር ሦስት ሰዓት ነዳችሁ እንበል፣ ፑንቲናው ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ተከፍቶ ተዘግቷል ማለት ነው። በየአንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቃጠላል፣ አንዱ ብረት ላይ ጉድጓድ ሌላኛው ላይ ጉብታ ያበቅላል። ከዛ ሌላ ዘንጉ ላይ የምትንሸራተተው የፕላስቲክ እግሩ ትበላለች፣ እሷ ስትበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናው የሚከፈተው ዘግይቶ ነው፣ ስለዚ እሳቱም ዘግይቶ ይመጣል፣ ሞተሩ ይሰንፋል ይሞቃል ቤንዚን ይጠጣል። ሰውየው ደግሞ ካርብሬተር ነው ብሎ ካርብሬተሩን ይፈታታል። ይሄን ስንቴ እንዳየሁት!

ኮንደንሰሩ ሲሞት ምልክቱ ሌላ ነው፣ ፑንቲናው ሲከፈት ሰማያዊ እሳት በዓይን ይታያል፣ አዲስ የገጠማችሁት ፑንቲና በቀናት ውስጥ ጠቁሮ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን ፑንቲና እየቀያየሩ ገንዘብ መጨረስ ዋጋ የለውም፣ ኮንደንሰሩን ቀይሩት።

ታዲያ መቶ ዓመት ሊሆነው የቀረበ ነገር ለምን እስከ ቅርብ ጊዜ ቆየ?

መቶም አልፎታል። ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ኢንጂነር የሠራው ሲስተም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጀመሪያ ካዲላክ ላይ ወጣ። ክራይስለር በ1973 ሞዴሎቹ ሁሉ ላይ ኤሌክትሮኒክ እስኪያደርግ ድረስ አብዛኛው ዓለም በዚሁ ነው የነዳው። የቆየውም ርካሽ ስለሆነና ማንም መካኒክ በካቻቢቴና በብርጭቆ ወረቀት ሊጠግነው ስለሚችል ነው። ይሄንን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ታች ስለ ደባርቅ መንገድ ሳወራ ያስፈልገናል።

ብቀይር ምን አገኛለሁ? ነዳጅ ይቆጥባል ይባላል

በደንብ ከተስተካከለ አዲስ ፑንቲና ጋር ካነጻጸራችሁት ያን ያህል ልዩነት አትጠብቁ። የሚቆጥበው ከተበላ ፑንቲና ጋር ሲወዳደር ነው፣ እውነቱን ለመናገር ግን ጎንደር ውስጥ ካሉት ፑንቲናዎች ስንቱ ነው በልኩ ያለው? ትልቁ ጥቅም ዛሬ ያስተካከላችሁት ታይሚንግ (እሳቱ የሚመጣበት ጊዜ) ከዓመት በኋላም እዛው መገኘቱ ነው፣ የሚነካካ ነገር ስለሌለ የሚበላ ነገር የለም። ጠዋት በብርድ ቶሎ ይነሳል፣ ሚኒሞው (ቆማ ስትሠራ ያለው ዝቅተኛ ዙር) አይዋዥቅም፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡት አያቋርጥም።

የማያስተካክለውን ደግሞ ስሙ። የተቃጠለ ቫልቭ አያድንም። የተዘጋ ጂግለር (የካርብሬተሩን የነዳጅ ቀዳዳ) አይከፍትም። የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ቡሽ (ዘንጉን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት) ተበልቶ በእጅ ስትነቀንቁት ግራ ቀኝ የሚል ከሆነ ኤሌክትሮኒኩ ከፑንቲናው ይሻላል እንጂ ንጹህ አይሆንም፣ መጀመሪያ ቡሹን አስቀይሩ። የሞተሩ ማሳ ሽቦ (የሞተሩን አካል ከባትሪው ጋር የሚያገናኘው) ዝጎ ከሆነ ደግሞ ፑንቲናው እንደምንም ይሠራ የነበረው ኤሌክትሮኒኩ እምቢ ይላል፣ ከዛ "ድሮ ይሻል ነበር" ይባላል።

ስንት ዓይነት አለ? የቱን ልግዛ?

ሦስት ብላችሁ ያዙት። አንደኛው ፑንቲናውን እዛው ትቶ ከኋላው ትራንዚስተር የሚያስገባ ነው፣ ፑንቲናው ትንሽ ኮረንቲ ብቻ ስለሚነካ አይቃጠልም ግን እግሩ መበላቷን አትተውም። ሁለተኛው ፑንቲናና ኮንደንሰሩን አውጥቶ እዛው ፑንቲናው ተቀምጦበት በነበረው ሳህን ላይ ትንሽ ሞጁል የሚገጠምበት ነው፣ ዘንጉ ላይ ማግኔት ያለበት ቀለበት ይገባል፣ ማግኔቶቹ ሲያልፉ ሞጁሉ ያውቃል ኮይሉን ያቋርጣል። ከውጪ ሲታይ ምንም የተቀየረ ነገር የለም፣ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው የሚወጣው። ለቮልስ፣ ለፔጆ፣ ለድሮ ኮሮላ እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው።

ሦስተኛው ሙሉ ዲስትሪቢዩተር መቀየር ነው። ላዳ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ፋብሪካው ራሱ ኋላ ላይ ለነዚሁ ሞተሮች ፑንቲና የሌለው ዲስትሪቢዩተር ከነሞጁሉና ከነኮይሉ ሠርቷል፣ ሳይፈጉ ሳይበሱ ይገባል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ የ1200 እና የ1300 ሞተር ቁመቱ ከ1500 እና ከ1600ው ያጥራል፣ ስለዚ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ርዝመት ይለያያል። ላዳ ነው ብሎ ዝም ብሎ የገዛ ሰው እቤቱ አስቀምጦት ይገኛል።

ቮልስ ላይም እንዲሁ፣ ቫኪዩም (በሞተሩ የአየር ስበት ሳህኑን የሚያዞረው ክብ ቆርቆሮ) ያለው ዲስትሪቢዩተርና የሌለው ኪታቸው፣ ማለት የመቀየሪያ ዕቃቸው፣ አንድ አይደለም። ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱና በሱ ግዙ፣ በመኪናው ዓመተ ምህረት አትግዙ፣ እዚ አገር ያሉ የድሮ መኪኖች ዲስትሪቢዩተራቸው ስንቴ እንደተቀያየረ አንድዬ ነው የሚያውቀው።

ኮይሌን መቀየር አለብኝ?

እዚ ጋ ነው ብዙ ሞጁል የሚቃጠለው ስለዚ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ቴስተር ያዙና የኮይሉን ሁለት ትናንሽ ጫፎች (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ) ሽቦዎቹን ነቅላችሁ ለኩ። 3 ኦም አካባቢ ካነበበ ለባለ አራት ሲሊንደር ጥሩ ነው፣ 12 ለ3 ስታካፍሉት 4 አምፒር ነው፣ ተራው ሞጁል ይችለዋል። 1.5 ኦም ካነበበ ያ ኮይል ከፊቱ ባላስት የሚባል ሬዚስተር ጋር እንዲሠራ የታሰበ ነው፣ ብዙ የድሮ የጃፓን መኪኖች ላይ አለ፣ ነጭ ሸክላ የመሰለ ወይ ራሱ ሽቦው ውስጥ የተደበቀ። ያንን ባላስት "አያስፈልግም" ብሎ የሚቆርጥ አለ፣ 8 አምፒር ሞጁሉ ውስጥ ለቀቀበት ማለት ነው፣ ደባርቅ ሳይደርስ ይጨሳል።

ስለዚ ሁለት ምርጫ አላችሁ፣ ወይ ባላስቱን ለኮይሉ ትታችሁ የሞጁሉን ቀይ ሽቦ ግን ከባላስቱ በፊት ካለው ሙሉ 12 ቮልት ታመጣላችሁ፣ ወይ ባላስቱን አውጥታችሁ 3 ኦም ኮይል ትገዛላችሁ። ሁለተኛው ይቀላል። ከኪቱ ጋር የመጣው ወረቀት ከኔ ሌላ ቁጥር ካለ ወረቀቱን ስሙ፣ ለከፍተኛ ኮረንቲ የተሠሩ ሞጁሎችም አሉ።

ራሴ መግጠም እችላለሁ?

ካንዴላ ራሱ ፈቶ የሚያጥብ ሰው ይችላል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ባትሪውን ንቀሉ። ክዳኑን ከማንሳታችሁ በፊት የካቦዎቹን ቅደም ተከተል ፎቶ አንሱ፣ ላዳ 1-3-4-2 ነው ቮልስ 1-4-3-2 ነው፣ ከተምታታባችሁ ሲተኩስ ሰፈሩን ያስደነግጣል። ፑንቲናና ኮንደንሰሩን አውጡ፣ ሳህኑን ከዘይትና ከዝገት አጽዱ፣ ምክንያቱም ሞጁሉ ማሳውን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በዛው ሳህን ነው። ሞጁሉን እሰሩ፣ ማግኔት ቀለበቱን እስከታች ጫኑት፣ ከኪቱ ጋር በምትመጣዋ መለኪያ ክፍተቱን አስተካክሉ። ሽቦዎቹ ቫኪዩሙ ሳህኑን ሲያዞረው እንዳይወጠሩ እንዳይፋጩ ተዉላቸው።

ከዛ ቀዩ ወደ ኮይሉ ፖዘቲቭ (ባላስቱን ከተዋችሁት ግን ከባላስቱ በፊት ወዳለው 12 ቮልት)፣ ጥቁሩ ወደ ኔጌቲቭ። ቮልስ ላይ 15 የሚለው ፖዘቲቩ ነው 1 የሚለው ኔጌቲቩ። ከገለበጣችሁት ሞጁሉ ይሞታል፣ ሻጩም አይመልስላችሁም። አንዳንድ የድሮ ላንድሮቨር ደግሞ ባትሪው ተገልብጦ ፖዘቲቩ ነው ከማሳ የሚታሰረው፣ እንዲህ ያለ መኪና የራሱን ኪት ነው የሚፈልገው። 6 ቮልት የሆኑ የጥንት ቮልሶችም እንዲሁ።

ካቦዎቹን ሳልረሳ። ውስጣቸው ንጹህ መዳብ የሆነ የካንዴላ ካቦ ከተራ ካንዴላ ጋር ሲሆን ሬዲዮ ውስጥ የሚንጫጫው ድምጽ አለ አይደል፣ እሱ ሞጁሉንም ይረብሸዋል። ወይ ካርቦን ካቦ አድርጉ ወይ ሬዚስተር ያለበት ካንዴላ ግዙ።

ታይሚንጉ ይነካል? ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ለየት ይላል ወይ?

አዎ ይነካል፣ ሞጁሉ የሚያቋርጥበት ነጥብ ፑንቲናው ይከፈትበት ከነበረው ቦታ ጋር አንድ ስላልሆነ ከገጠማችሁ በኋላ በስትሮቦ መብራት (ከካንዴላው እሳት ጋር ብልጭ እያለ ታይሚንጉን የሚያሳይ) እንደ አዲስ መያዝ ግድ ነው። በጆሮ የሚይዙ መካኒኮች አሉ፣ አከብራቸዋለሁ፣ ግን መብራት ካለ መብራት ይሻላል። ስትይዙ የቫኪዩሙን ቱቦ ንቀሉና ዝጉት ወይ አትንቀሉት የሚለው እንደየመኪናው ነው፣ የመኪናውን ማኑዋል እዩ።

ከፍታውን በተመለከተ፣ ጎንደር ወደ 2,100 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሳሳ ያለ አየር ቀስ ብሎ ይቃጠላል፣ ስለዚ ሞተሩ ከማኑዋሉ ላይ አንድ ሁለት ዲግሪ ቀደም ቢል ደስ ይለዋል። ችግሩ መተማ የምትወርዱ ከሆነ ነው። እዛ ከ1000 ሜትር በታች ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ፣ ከተማ ውስጥ የወደዳችሁት ታይሚንግ ዳገት ላይ ሞተሩን ማንኳኳት ይጀምራል፣ ያ ድምጽ ፒስቶን ይበላል። ቆላና ደጋ የምትመላለሱ ማኑዋሉ ያለው ላይ ተዉት።

ገጠምኩት፣ አልነሳም። አሁንስ?

መጀመሪያ የሞጁሉ ቀይ ሽቦ ላይ ቁልፍ ተከፍቶ 12 ቮልት መኖሩን እዩ። ከዛ ሞተሪኖው እየዞረ ለኩ፣ ከ9 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይ ካቦው ዝጓል፣ ፑንቲና በደከመ ባትሪም ይታገላል ሞጁል ግን ዓይኑን ይጨፍናል። ጥቁርና ቀዩ አለመገልበጡን፣ ቀለበቱ እስከታች መግባቱን፣ ሮተሯ መመለሷን (ረስቷት ክዳኑን የሚዘጋ አለ) እዩ።

እሳት ለማየት ካንዴላ አውጥታችሁ ካቦው ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ከሞተሩ ጋር አስነክታችሁ አዙሩ። ካቦውን እንዲሁ አየር ላይ ይዛችሁ እንዳትሞክሩት፣ ለናንተም ጥሩ አይደለም ለሞጁሉም ጥሩ አይደለም። የልብ ማሽን የተገጠመለት ሰው አጠገቡም አይድረስ። እሳቱ ካለና ካልነሳ ታይሚንግ ነው ወይ የካቦ ቅደም ተከተል ነው ወይ ነዳጅ ነው።

መንገድ ላይ ቢሞትብኝስ?

ይሄ ነው እንግዲህ የሁሉም ሰው ፍርሃት፣ ልክም ነው። ፑንቲና ሲሞት ቀስ እያለ እያስጠነቀቀ ነው፣ ሞጁል ግን አንዴ ድርግም ነው። ሊማሊሞ ላይ ሞጁል የሚሸጥ ሱቅ የለም። ስለዚ ያወጣችሁትን ፑንቲና ከነኮንደንሰሩና ከነብሎኑ በፌስታል ጠቅልላችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡት፣ የሳህኑን ቀዳዳም አትብሱት አታስፉት። ሞጁሉ ከሞተ ቀለበቱን አውጥታችሁ ፑንቲናውን መልሳችሁ፣ የፑንቲናውንና የኮንደንሰሩን ሽቦ ከኮይሉ ኔጌቲቭ ጋር አገናኝታችሁ፣ ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ አድርጋችሁ ትነሳላችሁ። መለኪያ ከሌለ ወፈር ያለ ቢዝነስ ካርድ እስከ ጋራዥ ያደርሳል። ደባርቅም ሆነ ዳባት ያለ ማንኛውም መካኒክ ይሄን ያውቃል። ሙሉ ዲስትሪቢዩተር የቀየራችሁ ደግሞ ትርፍ ሞጁል ያዙ፣ የላዳው በሁለት ብሎን የሚፈታ ስለሆነ አያስቸግርም።

መተማ መንገድ ላይ በሙቀት ቆማ ሲቀዘቅዝ የምትነሳ መኪና ላይ ግን ሞጁሉን ከመርገማችሁ በፊት እሳቱን እዩ። እሳት ካለ ቤንዚኑ መስመር ውስጥ ተንኖ ነው፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እሳት ከሌለና ሲቀዘቅዝ ከመጣ ሞጁሉ ወይ ኮይሉ ነው።

ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ከፍቼ ቴፕ ብሰማስ?

አይሆንም። ርካሹ ሞጁል ወደ ኮይሉ ኮረንቲ እንደለቀቀ ሊቀር ይችላል፣ ኮረንቲው ዝም ብሎ ሲፈስ ሁለቱም ይጋላሉ። ፑንቲናም እኮ ተዘግቶ ከቆመ ኮይሉን ያቃጥል ነበር፣ አዲስ ህግ አይደለም። ቴፑን ቀጥታ ከባትሪ በፊውዝ አምጡት።

ክረምት ላይ ወይ ላቫጆ ከገባች በኋላ ታስቸግራለች

እሱ ከክዳኑ ነው፣ ኤሌክትሮኒክ መሆኗ አያድናትም። ክዳኑ ውስጥ እርጥበት ወይ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ እሳቱ በሱ በኩል ይሾልካል። በጨርቅ አድርቁት፣ ስንጥቅ ካለው ጣሉት። ላቫጆ ስትገቡ ዲስትሪቢዩተሩን በፌስታል ሸፍኑና ልጆቹን በግፊት ውሃ እዛ አካባቢ እንዳይረጩ ንገሯቸው።

ቅርስነቷ ይበላሽ ይሆን? ለመሸጥ ባስብስ?

ሳህኑ ላይ የሚገጠመው ዓይነት ከሆነ በግማሽ ሰዓት ወደነበረችበት ትመለሳለች፣ ገዢው ኮፈን ከፍቶም አያውቅም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ ደግሞ ያለችዋን ጠብቆ መያዝ ራሱ ሥራ ሆኗል፣ የምትነሳ መኪና ከማትነሳዋ ይሻላል ዋጋዋም።

ኪቱን ከየት አመጣለሁ?

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር) ለላዳና ለቮልስ ብትጠይቁ ከሌላው መኪና ይሻላል፣ ለፔጆና ለድሮ ቶዮታ ከውጪ በሚመጣ ሰው ማስላክ ነው። ሳጥኑ ላይ ስም የሌለው ዕቃ ሲያጋጥማችሁ ቢያንስ ባለሱቁ ፊት የሽቦዎቹን ቀለም የሚያሳይ ወረቀት መኖሩን እዩ፣ ወረቀት ከሌለ ተዉት።

ባጃጄንስ?

ባጃጅ ፑንቲና የላትም፣ ኤሌክትሮኒክ ሆና ነው የመጣችው። ካስነጠሰች ካንዴላዋን እዩ።

ለጥምቀት ፋሲለደስ አካባቢ አቁሜ ስሄድ ሮተሯን ነቅዬ ኪሴ እከታለሁ፣ አሁንም ይሠራል?

ይሠራል፣ ሮተር ከሌለ እሳት ካንዴላ ጋ አይደርስም፣ ኤሌክትሮኒክ ሆነ ፑንቲና ለውጥ የለውም። ማግኔት ቀለበቱ ግን ከሮተሯ ጋር ተጣብቆ እንዳይወጣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ከወጣም ስትመልሱት እስከታች ጫኑት።